ሁሉም አሞራ አይደለም፦ በድሬዳዋና በሐረር ወፎችን ለይቶ የማወቂያ መመሪያ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ጩኸት ያውቀዋል። ጫጩቶች ግቢ ውስጥ ተበትነው ይለቅማሉ። ድንገት አንድ ጥላ መሬቱን አቋርጦ ያልፋል። ከጓዳ አንዲት እናት "አሞራው! አሞራው መጣ!" እያሉ ይወጣሉ። ልጆች ድንጋይ ያነሳሉ። ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች።

እኔም ለብዙ ዓመታት የማውቀው ይህንኑ ነበር። ከላይ የሚዞር ትልቅ ነገር ሁሉ አሞራ ነው። ጥቁር ከሆነ ቁራ። ትንሽ ከሆነ ወፍ። በጣም ትንሽ ከሆነ ድንቢጥ። በቃ።

አንድ ቀን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራው አጠገብ ቆሜ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁ። ሦስት "አሞራዎች" ተደርድረዋል። አንዱ ቡናማ ነው፤ ጅራቱ መሐሉ ላይ ገባ ያለ ነው። ሁለተኛው ፊቱ መላጣና ሮዝ ነው፤ አንገቱን ሰብሮ ተቀምጧል። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ጅራት ያለው አይመስልም። አጠገብ ላጠገብ ሲቀመጡ በግና በሬን ያህል ይለያያሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ሦስቱንም በአንድ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኛሉ። ሁሉንም ላውቅ ብሎ የተነሣ ሰው ይሰለቻል። ደጃችን ላይ የሚመላለሱትን ሃያ ሃያ አምስት ያህሉን ግን በጥቂት ወራት መለየት ይቻላል። ዘዴው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ መጠን። ከዚያ ምንቃር። ከዚያ ክንፍና ጅራት። ከዚያ ጠባይ። ከዚያ ድምፅ። ቀለም መጨረሻ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ከቀለም ይነሣል፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱንና ወሩን ምረጡ

ድሬ ላይ ወፍ ማየት የፈለገ ወፍ ሳይንጫጫ መነሣት አለበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋን እናውቃታለን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። 4 ሰዓት ሲል ትናንሾቹ ወፎች ጥላ ውስጥ ገብተው ዝም ይላሉ። ከቀትር በኋላ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰዉም ያርፋል፤ ወፉም እንደዚያው ነው። ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ፀሐይ መግቢያ ደግሞ እንደገና ይወጣሉ። ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቀዝቀዝ ይላል። እዚያ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ መቆየት ይቻላል።

ለትልልቆቹ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ጥንብ አንሳና ንስር ከባድ ናቸው። ክንፋቸውን እያማቱ ሽቅብ መውጣት ያደክማቸዋል። ስለዚህ መሬቱ ሞቆ፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ እስኪነሣ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚያወጣው ዳገት አንዱ መታጠፊያ ላይ ወረድ በሉ፤ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ገደሉ ከታች ሲግል እነሱ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ በዓይናችሁ ትይዩ ሽቅብ ሲያልፉ ታያላችሁ። ወፍን ከላይ ወይም ከጎን ማየት ብርቅ ነው። ጀርባውንና የክንፉን የላይኛውን ክፍል የሚያሳይ እንዲህ ያለ ቦታ ብቻ ነው።

ወሩም ለውጥ ያመጣል። ከመስከረም እስከ መጋቢት እንግዶች አሉን። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ጥንብ አንሳዎች የመንን ጨርሰው ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ጅቡቲ ይገባሉ። ለምን በዚያ? ባሕር ላይ የሚያነሣቸው ሞቃት አየር የለም። ስለዚህ ባሕሩ በጣም የጠበበበትን ቦታ ይመርጣሉ። እዚያ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅቡቲ እስከ እኛ ድረስ ያለውን መንገድ ደግሞ የባቡር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ደረጃ 2፦ ዕቃው

ደብተር፣ እርሳስ፣ ውሃና ኮፍያ። ከተቻለ ባይኖኩላር። ባይኖኩላር የምትገዙ ከሆነ 8 በ42 የሚል ፈልጉ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው። 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሰፋ ሲል ብርሃን በደንብ ያስገባል። 10 እና ከዚያ በላይ የሚያቀርበው ያጓጓል፤ ግን እጅ ትንሽ ስትንቀጠቀጥ ወፏም አብራ ትንቀጠቀጣለች።

መጀመሪያ ለዓይናችሁ አስተካክሉት። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑና በመሐለኛው መዘውር ለግራ ዓይናችሁ አጥሩት። ከዚያ ግራውን ጨፍኑ። አሁን መሐለኛውን ሳትነኩ በቀኙ በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ይህን አንድ ጊዜ ካደረጋችሁ ይበቃል። ወፍ ስታዩ ደግሞ ባይኖኩላሩን ለማየት ጎንበስ አትበሉ። ዓይናችሁን ወፉ ላይ እንደተከላችሁ መሣሪያውን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ብዙ ሰው ወፉ የሚጠፋበት አንዴ ዝቅ ብሎ እንደገና ሲፈልግ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ቀላል አይደለም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ወታደር ካምፕ፣ ወደ ጥበቃ ያለበት ማንኛውም ቦታ ባይኖኩላር አታንሡ። ወደ ሰው ግቢም እንዲሁ። ጀጎል ውስጥ ጣሪያ ላይ ያለ ወፍ ስታዩ ከግድግዳው ጀርባ ሴቶች ልብስ እያሰጡ ይሆናል። ሰላምታ ስጡ፤ የምታዩትን ተናገሩ። እኔ ሁሌ "እናቴ፣ ጣሪያዎ ላይ ያለውን ወፍ ልይ?" ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን እምቢ ያሉኝ የሉም። እንዲያውም ግቡና እዩ ብለው ቡና ያቀረቡልኝ አሉ።

ደረጃ 3፦ አራት መለኪያ ያዙ

ሰማይ ላይ ሜትር የለም። ስለዚህ የምታውቋቸውን አራት ወፎች እንደ ሜትር ተጠቀሙባቸው። ድንቢጥ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። ዋኖስ 25። ቁራ 50 ቢጠጋ ነው። ጭልፊት ከቁራ ጥቂት ይበልጣል። አዲስ ወፍ ስታዩ መጀመሪያ የምትጽፉት "ከዋኖስ ይበልጣል፣ ከቁራ ያንሳል" የሚለውን ነው። ይህች አንዲት መስመር ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች።

ደረጃ 4፦ ምንቃሩ ምን መሣሪያ ነው?

ምንቃር የወፍ እጅ ነው። ምንቃሩን ካያችሁ ምሳው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ምሳውን ካወቃችሁ የት እንደምታገኙት ታውቃላችሁ።

አጭርና ወፍራም፣ እንደ ፒንሳ ያለ ከሆነ ጥሬ ሰባሪ ነው። ድንቢጥና ጎጆ ሠሪዎቹ ወፎች እዚህ ይገባሉ። ቀጭንና እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ ከሆነ፣ ወፉም ከድንቢጥ ካነሰ፣ የአበባ ማር የሚመጥ ነው። እነዚህን ቡገንቪሊያና ሮማን አበባ ላይ ፈልጓቸው። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ብረት ያብለጨልጫል። ብዙ ሰው እነዚህን ፊልም ላይ ካየው የአሜሪካ ሃሚንግበርድ ጋር ያምታታቸዋል። የእኛዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ቆመው ሳይሆን ቅርንጫፉን ጨብጠው ነው የሚመጡት።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ታች የታጠፈ ምንቃር ያለው፣ ራሱ ላይ ማራገቢያ የመሰለ ጉትዬ ያለው ደግሞ ሁድሁድ ነው። ሐረር ይህን ወፍ ለሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ለነቢዩ ሱለይማን የሳባን ንግሥት ወሬ ያመጣው እርሱ መሆኑን ቁርኣን ቤት የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግን ስንቶቻችን በዓይናችን አይተነዋል? ሣር ሜዳ ላይ እየተራመደ አፈሩን በምንቃሩ ይወጋል፤ ትል ያወጣል። ጉትዬው ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ተኝቷል። ሲያርፍ ወይም ሲደነግጥ ብቻ ይከፈታል። ሲበር ጥቁርና ነጭ ክንፉ እንደ ትልቅ ቢራቢሮ ይርገበገባል። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

ትልቅና የጎበጠ፣ ከራሱ ጋር የማይመጣጠን ምንቃር ያለው፣ ጅራቱ የረዘመ ወፍ ግራር ላይ ካያችሁ ሆርንቢል ነው። ከድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ደረቅ ቆላ ከአንድ በላይ ዓይነት ስላለ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምንቃሩ ቢጫ ከሆነ አንድ ዓይነት ነው። ቀይና ቀጠን ያለ ከሆነ ሌላ። ቀይ ሆኖ ጫፉ እንደ ዝሆን ጥርስ የነጣ ከሆነ ሦስተኛ፤ የዚህኛው ሴት ደግሞ ምንቃሯ ጥቁር ነው። ገደል አካባቢ የምታዩት ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ጠቆር ያለ ቀይ የሆነው አራተኛ ነው።

የሆርንቢል ጠባይ ከመልኩ ይበልጥ ይገርማል። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ዛፍ ወይም ገደል ውስጥ ያለ ቀዳዳ ትገባለች። በሩ በጭቃና በኩስ ይታሸጋል። የምትቀረው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ናት። ወንዱ በዚያች ስንጥቅ እየተመላለሰ ለእሷም ለጫጩቶቹም ምግብ ያቀብላል። ወንዱን አንድ ሰው ቢገድለው ውስጥ ያሉት ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ሲወጡ ሳይ ይህን ነው የምነግራቸው። ሰምተው ወንጭፋቸውን ኪሳቸው የከተቱ ልጆች አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ ሰማይ ላይ ጅራቱን እዩ

አሁን ወደ "አሞራዎቹ" እንመለስ። ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነውና።

*ጭልፊት።* ጫጩት የሚወስደው፣ ሐረር ሥጋ ተራ ላይ ከሰው እጅ የሚነጥቀው እርሱ ነው። ምልክቱ ጅራቱ ነው። መሐሉ ገባ ያለ፣ እንደ ሹካ የተከፈለ ነው። ሲበር ጅራቱን እንደ መሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ከእነዚህ አሞራዎች ሌላው እንዲህ አያደርግም። ነጥቆ ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ሥጋውን በእግሩ ይዞ አየር ላይ እንዳለ ወደ ምንቃሩ አምጥቶ ይበላል። ያደገው የእኛ አገር ጭልፊት ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። ከመስከረም በኋላ ግን ምንቃራቸው ጥቁር የሆነ ጭልፊቶችም ታያላችሁ። ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ወይም ገና ያላደጉ የራሳችን ልጆች።

ጊዲር መጋላ ሥጋ ልታበሉ ከሆነ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ፣ ቁራጩን መሐሉ ላይ አድርጋችሁ፣ እጃችሁን ከራሳችሁ አርቃችሁ ከፍ አድርጉ። በጣት ጫፍ አትያዙ፤ ጥፍሩ ስለት ነው። ትንሽ ልጅ አጠገባችሁ አይቁም።

*መላጣው ጥንብ አንሳ።* ከተማ ውስጥ በብዛት የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። ምንቃሩ ቀጭን ነው። ማጅራቱ ላይ ቆብ የደፋ የሚመስል ለስላሳ ፀጉር አለው። ፊቱ ሮዝ ነው፤ ሲናደድ ወይም ምግብ ላይ ሲጣላ ደም መስሎ ይቀላል። በረራ ላይ ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭርና ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ይህ ወፍ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። ቄራ ጣሪያ ላይ በብዛት ስለምናየው የማያልቅ ይመስለናል። ብዙዎቹ የሚሞቱት ለጅብና ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ በልተው ነው። የሞተ ከብት ላይ መርዝ አታድርጉ፤ የሚያደርግም ካያችሁ ንገሩት። የጥንብ አንሳ የሆድ አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በልቶ እንኳ አይታመምም። ያለ እርሱ ያ ሬሳ ደጃችን ይቀር ነበር።

*ነጩ ጥንብ አንሳ።* ያደገው ነጭ ነው፤ የክንፉ ጠርዝ ጥቁር፣ ፊቱ መላጣና ቢጫ። ይህን መሳሳት አይቻልም። ችግሩ ልጁ ነው። ልጁ ከጎጆ ሲወጣ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ነጭ እስኪሆን አምስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እኔ አንድ ሙሉ በጋ ቆሻሻ መጣያው አካባቢ ያየኋቸውን ልጆች "መላጣው" እያልኩ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ቀለማቸው አንድ ነው፣ ምንቃራቸውም ቀጭን ነው። ያረምኩት ጅራታቸውን ሳይ ነው። የመላጣው ጅራት ቀጥ ያለ ነው። የዚህኛው ግን መሐሉ ሾል ብሎ የወጣ፣ እንደ ጦር ጫፍ ነው። ሃያ ሁለት መስመር ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጅራት ሳላይ ስም አልጽፍም። ከባልካንና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡት ነጭ ጥንብ አንሳዎች የአገራቸውን የብርድ ወራት ከሚያሳልፉባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ የእኛ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ነው። ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አርፈው ብዙዎቹ ይሞታሉ።

*ጅራት የለሹ ቁራ።* ሦስተኛው የጣሪያ ጥቁር እርሱ ነበር። ገደል ወዳድ ነው። ጅራቱ በጣም ስላጠረ ቆሞ ሳለ ክንፉ ከጅራቱ አልፎ ይታያል። ሲበር ትልቅ የሌሊት ወፍ ይመስላል። በቡድን ሆነው ሞቃት አየር ላይ እየዞሩ ስለሚወጡ ከሩቅ ጥንብ አንሳ ይመስላሉ። ደረቱ ነጭ ሆኖ ነጠላ ያጣፋ የሚመስለው ደግሞ ሌላው ቁራ ነው፤ ጅራቱም እንደ ቁራ ደንቡን የጠበቀ ነው። ደጋ ላይ ከወጣችሁ፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የከበደና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ግዙፍ ቁራ ልታገኙ ትችላላችሁ። ይኼ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እምብዛም የማይገኝ፣ የራሳችን ነው። ስታዩት ደስ ይበላችሁ።

ንስሮቹን ለጊዜው ተዉአቸው። ልጁና ጎልማሳው ስለሚለያይ ጀማሪን ተስፋ ያስቆርጣሉ። አንዱን ብቻ ያዙ፦ ከሐረር ወጣ ብሎ ስልክ እንጨት ላይ የሚቀመጠው፣ ሆዱ ነጭ፣ ጅራቱ አጭርና የሸክላ ቀለም ያለው ጭላት። ሲዞር ፀሐይዋ በጅራቱ ስታልፍ ቀይ ታበራለች።

ደረጃ 6፦ ምን እየሠራ ነው?

ስም ሳትፈልጉ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩት። አባቶቻችን ብዙዎቹን የሰየሟቸው በሥራቸው ነው። ጥንብ አንሳ፣ ግንደ ቆርቁር፣ ንብ በሊታ፤ ስሙ ራሱ መመሪያ ነው።

እግሩን እዩ። ዋኖስ ትራመዳለች፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ራሷን ትነቀንቃለች። ድንቢጥ ትዘላለች። ሁለቱም ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መሬት ላይ የወደቀ ማሽላ ሲለቅሙ ልዩነቱን በአንድ ደቂቃ ትለያላችሁ።

ከአንድ ቅርንጫፍ ተነሥቶ፣ አየር ላይ ነፍሳት ይዞ፣ ወደዚያው ቅርንጫፍ የሚመለስ አረንጓዴ ወፍ ንብ በሊታ ነው። ሲመለስ ልብ በሉ። ንቧን ወዲያው አይውጣትም። ቅርንጫፉ ላይ ደጋግሞ ይመታታል፣ ይፈትጋታል። መርዟንና መውጊያዋን እያወጣ ነው።

ዘይቱን ወይም ፓፓያ ላይ በቡድን የሚሰፍር፣ ቡናማ፣ ጉትዬ ያለው፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም ወፍ ግቢያችሁ ከገባ ልጆች "አይጥ ወፍ" ይሉታል። ስሙ ይገባዋል። ቅርንጫፍ ውስጥ እንደ አይጥ ይሽሎከለካል፤ እግሩን ከፍቶ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ጠዋት ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይሞቃል። ፍሬ እንደሚያበላሽ እውነት ነው። መረብ ይበቃዋል፤ መርዝ አያስፈልግም።

ከብትና ግመል ያለበት ሁለት ወፎች አሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ነጩ ሳቢሳ እግራቸው ሥር ይሄዳል። ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ፌንጣ ይለቅማል። ቡናማው፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ዓይኑ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ያለው ግን እላያቸው ላይ ይወጣል። በጆሯቸው፣ በብብታቸው እየገባ መዥገር ይለቅማል። ወዳጅ ብቻ ነው እንዳልላችሁ ግን፣ ቁስል ካገኘ እየኮረኮረ ደምም ይጠጣል።

ጎጆ ሠሪዎቹን በዝናብ ሰሞን ተመልከቱ። ግራር ጫፍ ላይ እንደ ከረጢት የተንጠለጠለውን ጎጆ የሚሸምነው ቢጫው ወንድ ነው፤ በምንቃሩ ብቻ። አረንጓዴ ሣር ሰንጥቆ ያመጣል፣ ይቋጥራል፣ ያስገባል፣ ይስባል። ሲጨርስ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ገብታ ትፈትሻለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ራሱ አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። የሐረር ሰፌድ የሰፋች እጅ ይህን ሥራ ታከብረዋለች ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 7፦ ጆሮ

ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጎህ ሲቀድ ከሚሰሙት አንዷ ትንሿ ዋኖስ ናት። ደረቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ቀለበት የለም። ድምፅዋ ታፍኖ የሚስቅ ሰው ይመስላል። ማጅራቷ ላይ ግማሽ ጥቁር ቀለበት ያላት ሌላዋ ዋኖስ ግን "ኩኩ-ሩ፣ ኩኩ-ሩ" እያለች ሳትታክት ትደግማለች። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሲሰሙ አይገናኙም።

ግራር ውስጥ የፍየል ጩኸት ሰምታችሁ ፍየል ካጣችሁ ቀና በሉ። ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጉትዬው የቆመ፣ ጅራቱ ረጅም ወፍ ታገኛላችሁ። ሴቷ ምንቃሯ አረንጓዴ ነው፤ ወንዱ ጥቁር። ጭልፊት ደግሞ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ ፉጨት አለው። ዶሮዋ ከእኛ ቀድማ የምታውቀው ያንን ነው።

ስልካችሁን አውጡና ድምፁን ቅዱ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሜርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለው፤ ወፍ ለመለየት የሚያግዝ ነው። ግን መጀመሪያ በራሳችሁ ገምቱ፣ ከዚያ ጠይቁት። የተቀዳ ድምፅ ግን ደጋግማችሁ አታጫውቱ፤ ወፉ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይንከራተታል።

ደረጃ 8፦ ቀለም፣ አሁን

ቀለም መጨረሻ ያልኩት ስለሚዋሽ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የሚመላለሰውን ሰማያዊ ወፍ ውሰዱ። ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው። ፀሐይ ላይ ሰማያዊ፣ ዞር ሲል አረንጓዴ። ብርሃኑ በላባው አሠራር ስለሚንጸባረቅ እንጂ ያ ሁሉ ቀለም ላባው ላይ አልተቀባም። ስለዚህ የማይለወጠውን ፈልጉ። ሆዱ ብርቱካንማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ መቀነት፣ ዓይኑ ነጣ ያለ ከሆነ አንድ ዓይነት ነው። ሁለመናው የሚያብለጨልጭ ሆኖ ዓይኑ ብርቱካንማ ከሆነ ሌላ ነው። የጀጎል ግንብና የገደል ወዳጅ የሆነው ሦስተኛው ቆሞ ሳለ ጥቁር ብቻ ነው፤ ሲነሣ ክንፉ ላይ የሸክላ ቀለም ይፈነጥቃል።

ወንዱና ሴቷም ይለያያሉ። ያ ቢጫ ጎጆ ሠሪ የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ልብሱን ቀይሮ እንደ ድንቢጥ ይደበዝዛል። ያኔ የሚያድናችሁ ምንቃሩ ነው።

ደረጃ 9፦ እዚያው ጻፉ

ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ማለት የለም። ወፉ ዓይናችሁ ላይ ሳለ ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ከማን ይበልጣል ከማን ያንሳል፣ ምንቃር፣ ጅራት፣ ምን ሲሠራ እንደነበር። ስሙን ካላወቃችሁ ባዶ ተዉት፤ ስም ከመፈልሰፍ ባዶ ቦታ ይሻላል። ሥዕል አልችልም የሚልም ይሣል። ክብ ለራስ፣ ሞላላ ለገላ፣ መስመር ለጅራት ይበቃል።

ከእኔ ደብተር የአንዱ ጠዋት ይኸው፦

"ደቻቱ ዳር፣ 1 ሰዓት ከ10። ወንዙ ደረቅ፣ አሸዋ ብቻ። ከዋኖስ ያንሳል፣ ከድንቢጥ ይበልጣል። ምንቃሩ ቀጭን። ጅራቱ ረጅም፣ ሳያቋርጥ ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዛል። ይራመዳል፣ አይዘልም። ጥቁርና ነጭ። የቆመ ውሃ ዳር ዝንብ ያሳድዳል። ስም፦ ____"

ባዶውን የሞላሁት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተመልሼ አገኘሁት፤ ጅራቱን እያወዛወዘ።